ላንቺም ትንሽ

ግንቦት 4፣ ሰኞ
ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ጠራ፤ በዓባያ ሐይቅ በኩል ግን ጭጋግ ነበር። ቤት ውስጥ አባባና እኔ። ረፋድ ላይ ጎረቤቴ ሻሺቱ መጣች።

እንደ ሁልጊዜው አጠብኩት፣ ገንፎ አጎረስኩት፣ የጸሎት መጽሐፉን አነበብኩለት። ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ። አንድም ቀን አላስታጎልኩም። ትምህርት ቤት አልገባሁም እኔ። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ በሚጠቀለልበት ወረቀት ነው... የተማሪ ደብተር፣ አሮጌ ጋዜጣ። ቃል ሲያቅተኝ አባባ ያርመኛል። እሱ በቃሉ ያውቀዋል።

ዛሬ ስጨርስ እጄን ያዘ። "ሮማነ፣ እኔ ስሄድ መጽሐፉም ምርቃቱም ያንቺ ነው።"

ሻሺቱ እልል አለች። "አባባ፣ ምስክር ነኝ! ነገ እንዳይክዱ!"

"ሂጂ አንቺ ወሬኛ" አላት። ሳቀ። ከሳቀ ቆይቷል።

ከደጋው አገራችን ከኦቾሎ ይዘነው የወረድነው የቤታችን ደንብ ነው። አባት ከመሞቱ በፊት አንድ ሰው ይመርጣል። ራሱን በቅቤ ይቀባዋል፣ እርጥብ ሣር ያስይዘዋል፣ ይመርቀዋል። አንዴ ብቻ። ሌላው ዘመድ ከዚያ ሰው እጅ ይቀበላል። እና ያ ሰው እኔ... ቀኑን ሙሉ ሥራ ቀለለኝ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ
የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ አየችው። ውጭ አውጥታኝ "ብዙ አይቆዩም፣ ቤተሰብ ካለ ጥሩ" አለችኝ። አዲስ አበባ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ብዙነህ ደወልኩ።

አባባ ሰምቷል። "ቅቤ ግዢ" አለኝ። "ለጋ ይሁን። ከደጋ የወረደ።"

ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። አራት ቦታ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ። ሻጯ ሰለቻት። "ምነው እቴ፣ ልትዳሪ ነው እንዴ እንዲህ የምትመርጪው?" ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባጃጁ ውስጥ እንዳይቀልጥ በነጠላዬ ጋረድኩት።

ግንቦት 8፣ ዓርብ
ጋሼ ብዙነህ ልጁን ፌቨንን ይዞ ገባ። አባባ ጉልበት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ደስ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለቴ ነው የመጣው፤ ግን መጣ።

ቅቤውን ጣሳ ውስጥ አድርጌ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩት። አባባ የምርቃቱን ቀን አልነገረኝም። አልጠየቅኩም። ይጠየቃል?

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ
ጠዋት አባባ "ለወገቤ የሚቀባውን መድኃኒት ሲቀላ ሄደሽ አምጪልኝ" አለ። እዚሁ ሰፈራችን ሴቻም መድኃኒት ቤት አለ፣ አልኩት። "የሲቀላው ይሻላል። ቀስ ብለሽ ነይ።"

ቀስ ብለሽ ነይ... ብሎኝ አያውቅም። ሁልጊዜ "ቶሎ" ነው።

ስመለስ ወለሉ ላይ ሣር። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይላል። ጋሼ ብዙነህ አባባ እግር ሥር ተቀምጧል፣ ቅቤው ግንባሩ ላይ እየወረደ ነው። ፌቨን አቀርቅራለች። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ጋሼ ብዙነህ እጁን ዘረጋ። ጣቱ ያብረቀርቃል። "ነይ ሮማነ፣ ላንቺም ይድረስሽ።"

"ልብሴን ልቀይር" ብዬ ጓዳ ገባሁ። አልቀየርኩም። መድኃኒቱ እጄ ላይ ነበር።

ግንቦት 10፣ እሑድ
ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጋሼ ብዙነህን ላየው አልቻልኩም። ዓይነ ስውር አባቱን አታሎ... እንዴት አስቻለው?

ግንቦት 11፣ ሰኞ
እሱ አይደለም።

ልብስ እያጠብን ፌቨን ማልቀስ ጀመረች። "አክስቴ፣ አባቴን አትቀየሚው። 'ሮማነ ትምጣ' ብሎ ነበር። እምቢ ያሉት አያቴ ናቸው።"

"ምን አሉ?"

"ተዪው።"

"ምን አሉ፣ ፌቨን?"

"'ሮማነ ደግ ናት፣ ግን ልጅ የላትም። ለእሷ ብሰጣት አብሯት መቃብር ይገባል' አሉ። 'ኮቴዋን እየሰማሁ አልችልም፣ እኔው እልካታለሁ' አሉ።"

ሸሚዙን ጨምቄ አሰጣሁት። የአባባ ሸሚዝ ነው።

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ሁለቴ ሽማግሌ መጥቶልኝ ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ። "እኔን ለማን ጥለሽኝ ትሄጃለሽ?" ያለኝ ማን ነበር? ሁለቴም እሱ። ሁለቴም ቀረሁ።

ደግሞ ቅቤውን የመረጥኩት እኔ...

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ
ጋሼ ብዙነህና ፌቨን ሄዱ። ሥራ አለበት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። "መጽሐፉ ያንቺ ነው ብሏል አባባ" አለኝ። "እኔማ ምን ላደርገው፣ ማንበብም አልወድ።" ሊቀልድ ነው። አልሳቅኩም። ራሱ አሁንም ቅቤ ይሸታል።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ
ደመና። ሙቀቱ አፍኖ ዋለ። ለአባባ እንደ ድሮው አነበብኩለት። ድምፄ ወጣ፣ እኔ ግን አልነበርኩም። አንድ መስመር ዘለልኩ። አላረመኝም።

ማታ ራት ሳጎርሰው "ሮማነ፣ ቅቤው ተርፏል?" አለኝ።

"ለምን ፈለግከው?"

"ላንቺም ትንሽ..."

ትንሽ። ልቤ ዘሎ ሊሄድ ነበር፣ አልዋሽም። ራሴን እንኳ ወደ እጁ ዘንበል አድርጌው ነበር። ከዚያ "ቀስ ብለሽ ነይ" ያለው ትዝ አለኝ።

"አልቋል አባባ።"

አላለቀም። የጣሳው ግማሽ አለ። ስዋሸው የመጀመሪያዬ ነው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ
ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን፣ ልክ እንዳደረግኩት።

ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። የቀረውን ቅቤ በሙሉ በእጄ ዝቄ ራሴን ቀባሁ። መሐል አናቴ ላይ እብጥ አድርጌ ተውኩት፣ ለመቅለጥ ጊዜ ወሰደ። ከአጥሩ ሥር ሣር ነጭቼ ያዝኩ። ጤዛ ነበረው። የምርቃት ቃል አልመጣልኝም። ጣሳውን አጠብኩ።

አባባን አጠብኩት። አንሶላውን ቀየርኩ። ገንፎውን አጎረስኩት፣ ሦስት ጉርሻ በላ። ወገቡን መድኃኒት ቀባሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ማንበብ ጀመርኩ። በልቤ።

ጠበቀ።

"ሮማነ፣ አለሽ?"

"አለሁ አባባ።"

"አታነቢም?"

"እያነበብኩ ነው።"

ገጽ ስገልጥ ጆሮውን አቀና። ከንፈሩ በቃሉ ሊከተለኝ ሞከረ፣ ግን የት እንደደረስኩ አያውቅም። ቆመ። ቆይቶ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ።

"ቅቤ ይሸተኛል" አለ።

"አዎ" አልኩት።

ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ።