ባለቁልፉና የቅዳሜ ልጆች

እሁድ፣ ጥር 26 ቀን

ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድምዓለሜ፦

ያ የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ታቃስታለህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጉልበቴም ቢሆን እንደ አሮጌ ማጠፊያ ነው፤ ይንቋቋል እንጂ ይታጠፋል። ሌላ ጊዜ ስጽፍልህ ሁለት ሦስት መስመር ሞነጫጭሬ "ሌላው ደህና ነው" ብዬ እዘጋው ነበር። ዛሬ ሌላው ደህና አይደለም። ስለዚህ ቆመህ አታንብበው፤ ቁጭ በል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለተማሪዎች ተረት እንደማነብ ነግሬሃለሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ከተረቱ በፊት የከተማችንን ታሪክ የሚያወራላቸው ሰው ጨመርኩ። ማን መሰለህ? የፋብሪካው ሜካኒክ የነበሩት ጋሼ ዘይቱ። ጡረታ ቢወጡም ዘይቱ ከጥፍራቸው አልወጣም፤ ልጆቹ እጃቸውን ከጨበጡ በኋላ ተደብቀው ጣታቸውን ያሸታሉ።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ አልወደዱላቸውም። "ተረቱ መቼ ነው?" እያሉ ይቁነጠነጡ ነበር። እሳቸው ግን ብልጥ ናቸው። "የመጀመሪያው አውቶብስ ወደ ከተማችን ሲመጣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ገፍቶ ያሻገረው የማን አያት መሰላችሁ?" ይሉና ዝም ይላሉ። ከዚያ የልብስ ሰፊው ልጅ አያቱ አውቶብስ የገፋ ጀግና ሆኖለት፣ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሳምንቱ ክፍሉ አልበቃንም። ሁሉም አያቱን ሊቀበል መጣ።

ከእነዚህ መካከል አንዲት ልጅ አለች። ቀጭን ናት፣ አንገቷ መዘዝ ያለ፣ ስትቀመጥ ቦታ የማትይዝ። እኔ ድምቢጥ እላታለሁ። ከፊት ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ ነው የምትሰማው። ስለ ራሷ አያት ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። አያቷ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንተም ታውቀዋለህ። ባለቁልፉ ነው። ልጁ ሞታበት፣ የልጁን ልጅ ከፋብሪካው ኋላ ካሉት ቤቶች በአንዱ ብቻውን ያሳድግ ነበር።

ደብዳቤውን እንዳትቀደው። ባይሆን ትንሽ አረፍ ብለህ ቀጥል።

ጋሼ ዘይቱ በወሬያቸው ወደ ፋብሪካው እየተጠጉ ሲመጡ ፈራሁ። "ጋሼ፣ እባክዎ እሱን ይዝለሉት" አልኳቸው።

"ግማሹ ከተማ እዚያ ሠርቶ፣ ስንቱ ሰው እዚያ ነዶ፣ ምኑን ልዝለለው?" አሉኝ። "አውቶብስ ሲገፋ ብቻ ነው እንዴ ከተማ የሚሆነው?"

እውነታቸውን ነበር።

ቅዳሜው ደረሰ። ስለ ፈትል ክፍሉ አወሩ፤ ከማሽኖቹ ጩኸት የተነሣ ሴቶቹ በእጅ ምልክት ይነጋገሩ እንደነበር አሳዩአቸው። ልጆቹ እርስ በርስ በምልክት እየተሰዳደቡ በሳቅ ፈረሱ። ቀጥለው "አንድ ቀን ጥጡ እሳት ያዘ" አሉ። ሳቁ ቆመ። የኋላው በር ለምን እንደሚቆለፍም ነገሯቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኞቹ በልብሳቸው ሥር ክር ይሰርቃሉ ብሎ፣ በፊተኛው በር ብቻ እየተፈተሹ እንዲወጡ አዝዞ ነበር። ያን ዕለት እሳቱ በፊተኛው በር በኩል መጣ።

"ቁልፉስ?" አለ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ።

"ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልከፈተላቸውም?"

"ያለ ፈቃድ እንዳትከፍት ተብሏላ! ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ቢሮ ሮጠ።"

"ሲመለስስ?"

ጋሼ ዘይቱ ወደ እኔ አዩ። እኔ "የዛሬው ይበቃናል" ብዬ መጽሐፌን ገለጥኩ። ስለ አንዲት ኤሊ ነበር፤ ምን እንዳነበብኩ ግን አላውቅም። "ዘበኛው ማን ነው? ማን ነው?" የሚል ሹክሹክታ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሲሄድ ይሰማኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ድምቢጥ ብቻ አታውቅም ነበር። የግቢውን በር ሳታልፍ ነገሯት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቀረች። እኔም ተረቱን ላልተቀመጠችበት ቦታ ሳነብ ዋልኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ እግሬ ራሱ ወደ ፋብሪካው ኋላ ወሰደኝ። ያን መንገድ እናታችን ከሞተች ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ግንቡ አሁንም ጥቁር ነው፤ ይህ ሁሉ ዝናብ አላጠበውም። በሩን የከፈተልኝ ራሱ ነው። እንዴት አርጅቷል መሰለህ፤ ካፖርቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። አንድ አልጋ፣ መሬት ላይ አንድ ፍራሽ፣ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የልጅቷ ሥዕሎች። ድምቢጥ ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ልጅቷ ለምን ቀረች?" አልኩት። "አንተ" ነው ያልኩት። በዕድሜው አባቴ ይሆናል፤ ግን አንቱ የሚለው ከአፌ አልወጣልኝም።

"ጠየቀችኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳት።" ሳለ፤ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቅኩት። "ስታነቢላቸው ገጽ ትዘያለሽ?"

"አልዘልም።"

"እንግዲያው እኔንም አትዝለይኝ።"

"እሷ እየሰማች?"

"እየሰማች። ከመንገድ ከምትሰማው ካንቺ ትስማው። መንገድ የራሱን ይጨምርበታል።"

ልወጣ ስል፣ "እናትሽን አውቃታለሁ" አለኝ። "ጠዋት ስትገባ ቆም ብላ እንደምን አደርክ የምትለኝ እሷ ነበረች። ሌሎቹ ፍተሻውን ስለሚጠሉ እኔንም ይጠሉኝ ነበር። አልፈርድባቸውም። ድምፅዋ ትንሽ ጎርነን ያለ ነው፤ አይደለም?"

ምን ልበልህ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ድምፅዋን ረስቼዋለሁ። ፊቷን፣ እጇን፣ ነጠላ ጫማዋን ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ ድምፅዋ ግን ጠፍቶብኛል። እሱ ጋ ነበር። ያን ቀን ከመቼውም ይልቅ ጠላሁት።

ቢሆንም ያለኝን አደረግኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድምቢጥ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ጋሼ ዘይቱ ጀመሩ፤ እኔ ጨረስኩት። እዚያ የቀሩትን በስማቸው ጠራሁ፤ እናታችንንም ጠራሁ። በሩ እንዲቆለፍ ያዘዘውን ሥራ አስኪያጅ፣ ሳይጠየቅ ከከተማ የወጣውን፣ ስሙን ደጋግሜ ጠራሁላቸው። ዘበኛውንም ጠራሁ። ታስሮ መፈታቱን፣ ጎረቤታችን መሆኑን፣ ድምቢጥ ያኔ እንዳልተወለደች፣ ማንም ሰው በአያቱ እንደማይጠየቅ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። በደንብ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ድምቢጥ እጇን አወጣች። "እናትሽ ፈቃዱ እስኪመጣ ጠብቃ ነበር?"

"አላውቅም የኔ ልጅ" አልኳት። "ማንም አልወጣምና ማንም አልነገረኝም።"

አልገባኝም እንጂ ጥፋቱ የተጀመረው እዚያው ነው። ልጅ የሚይዘው የሚያውቀውን ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ለእነሱ ስም ብቻ ነው፤ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም። ባለቁልፉ ግን ከዳቦ ቤቱ ሁለት መንገድ ማዶ ይኖራል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ መጻሕፍት እየደረደርኩ ሳለ ድምቢጥ ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባች። ጣቶቿ ደምተዋል። "እትዬ፣ በሩ እምቢ አለኝ" አለች። "በሽቦ ጠምጥመውታል። አባባ ውስጥ ነው።"

ጋሼ ዘይቱ ጋዜጣ ሊያነቡ መጥተው ነበር፤ ፒንሳ ደግሞ ከኪሳቸው ተለይቷቸው አያውቅም። እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። የበሩን ማንጠልጠያ በወፍራም ሽቦ ጠፍረውታል፤ መስኮቱን ከውጭ በአጣና ደግፈውታል። ጋሼ ዘይቱ ሽቦውን በፒንሳቸው ቆረጡት። በሩ ሲከፈት ከውስጥ ሙቀትና የከሰል ሽታ ወጣ። ለብርዱ ብለው ጠዋት ያቀጣጠሉት ምድጃ ቤቱን አፍኖታል። ባለቁልፉ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ለምን አልተጣሩም?" ብዬ ጮህኩባቸው። "ጎረቤት አለ! ግድግዳው ስስ ነው! ለምን አልተጣሩም?"

ቀና ብለው አዩኝ። "እነዚያ ተጣርተው ማን ከፈተላቸው?" አሉኝ።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው ቀድሞም ያለቀ ነው አለ፤ ጭሱ የቀረውን ጨረሰው። ሳምንት ሳይሞሉ ሞቱ። "ሞቱ" ብዬ ጻፍኩ፤ አሁን አየሁት፤ አልሰርዘውም። ሲቀበሩ እኔ፣ ጋሼ ዘይቱና ድምቢጥ ነበርን፤ ከቆፋሪው ሌላ ማንም አልመጣም።

ማን እንዳደረገው ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም። በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው ልጁን ክንዱን ይዞ ወደ እኔ አመጣው። ልጁ ማልቀስ ካቆመ በኋላ የሚመጣው ስቅታ ይዞታል። ያደረገው ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ነው፤ ሦስቱም ከቅዳሜ ልጆቼ ናቸው።

"የልጅ ጨዋታ ነው" አለ አባትየው። "ደግሞ ሰውየው ምን ተበደለ? የእጁን ነው ያገኘው። የኔ አክስትም እኮ እዚያ ነው የቀረችው።"

ልጁ ግን አባቱን አልሰማም። እኔን ነው የሚያየኝ። "ልንከፍትለት ነበር" አለኝ። "ትንሽ ቆይተን ልንከፍትለት ነበር እትዬ። ኳስ ስንጫወት ረሳነው።"

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ልቆጣው? ታሪኩን የነገርኩት እኔ ነኝ። በሩን፣ ቁልፉን፣ ጭሱን፣ ሁሉንም አሳምሬ ነግሬዋለሁ። እሱ ደግሞ ሁልጊዜም ጎበዝ ሰሚ ነው።

ጋሼ ዘይቱ ካሁን በኋላ አልመጣም ብለውኛል። ለመንኳቸው። "እኔ ያለፈ ነገር የማወራ መስሎኝ ነበር" አሉኝና ባርኔጣቸውን አነሡ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ ወላጆች ከለከሏቸው። "ልጆቻችንን ነገር ታስተምራለች" ይሉኛል አሉ። እኔ ተረት ብቻ አነባለሁ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከተመለሱት አንዱ ነው። ከኋላ ይቀመጣል፤ ነፋስ ገብቶ ገጾቼን ቢያገላብጥም በሩ እንዲዘጋ አይፈቅድም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እሳቸው ከእስር ተፈትተው የመጡ ሰሞን ሻንጣህን ይዘህ መናኸሪያ ስሸኝህ ያልከኝን አልረሳሁም። "ያ ሰውዬ ሲሞት ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ" ነበር ያልከኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ዜና የምጽፍልህን ቀን ሳስበው ኖርኩ። ደስ እያለኝ የምጽፈው ይመስለኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩልህ፤ እጄ ግን ደስ አላለውም።

ክፍልህ እንዳለ ነው። ቀለም አስቀባሁት፣ የመስኮቱን መስታወት አስቀየርኩ። አልጋህ ላይ ግን ሰው ይተኛበታል። የምትሄድበት ዘመድ የላትም፤ የሕፃናት ማሳደጊያ ሊወስዷት መጥተው ነበር፤ እኔ ነኝ አልሰጥም ያልኩት። ሌሊት ሌሊት ትባንናለች። ትንሽ ነው የምትበላው። መጽሐፍ ስሰጣት ግን ሳትጨርስ አትነሣም።

ትናንት አልጋውን ስናነጥፍ "ይሄ የማን ነው?" አለችኝ።

"የእናቴ ልጅ ነው" አልኳት።

ትራሱን አቀፈች። "እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል?"

"እየጻፍኩለት ነው" አልኳት።

ና አልልህም፣ ቅርም አልልህም። መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ። አምላክ ጀርባህን ያበርታልህ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካህ፤ እንጀራህን ያብዛልህ። ልብህንም ያስፋልህ፤ አንዲት ቀጭን ልጅ የምትተኛበትን ያህል ብቻ ቢሰፋ ለእኔ ይበቃኛል።

ሁልጊዜም የምትናፍቅህ፣
እህትህ