ሦስተኛ የወጣችው እታለም ናት

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27፣ ብቸና

እህቴ እታለም፣ ሦስተኛ ወጥተሻል።

የዘጠነኛ ክፍል ካርዱ ላይ የተጻፈው ይበልጣል ታከለ የሚለው የእኔ ስም ነው፤ ውጤቱ ግን የአንቺ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራችን ከሦስት ዓመት በፊት ለአንቺ ክፍል ያወጣውን ፈተና ቁጥሩን እንኳ ሳይቀይር ለእኛም ሰጠን። አንቺ ደግሞ ወረቀት አትጥይም። የዘጠነኛ ክፍል ፈተናዎችሽ ከነመልሳቸው አልጋው ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ አሉ። ሁሉንም በቃሌ ያዝኳቸው። ግንቦት ላይ ቀበርንሽ፤ ሰኔ ላይ በአንቺ መልስ ተፈተንኩ።

የቤት ሥራዬን ትሠሪልኝ እንደነበር የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

አባባ ካርዱን ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ በስፒል ሰክተውታል። ዩኒፎርም ለማስለካት የመጣ ሁሉ ሳያነበው አይወጣም። ማንበብ ለማይችለው እሳቸው ያነቡለታል።

ዛሬ ምሳ ላይ ቁርጡን ተናገሩ። ሞጣ እማራለሁ። ትምህርቱ ጥሩ ነው የተባለለት ትምህርት ቤት ቅዳሜ የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ካለፍኩ ቤት ተከራይቼ አሥረኛን እዚያ እጀምራለሁ።

እማዬ ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «አንዷን ለአፈር ሰጠሁ፤ አንዱን ደግሞ ለሞጣ ልስጥ?» አለች።

አባባ የራሳቸውን ጉርሻ ጠቀለሉ።

የማውቀው፦ እንግሊዝኛ ማንበብ። ባዮሎጂ።
የማላውቀው፦ ሒሳብ። ፊዚክስ። ይህን ለአባባ እንዴት እንደምነግራቸው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ሲዘንብ ዋለ። ደብተርሽን ይዤ ተቀመጥኩ። መልሱን በመዳፌ ሸፍኜ ጥያቄውን ለመሥራት ሞከርኩ። መልሱ ከመዳፌ ሥር ሆኖም ይታየኛል፤ መንገዱ ግን አይታየኝም። የአንዱን ጥያቄ ቁጥር ቀየርኩት፤ ሞፈር እንደተሰበረበት ገበሬ ቆሜ ቀረሁ።

ዳምጤ መጣ። አንድ ለአምስት ሲያደራጁን የቡድናችን መሪ እኔ ነበርኩ፤ አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ አመጣለሁ፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ዳምጤ ከአምስቱ አንዱ ነው።

«አለቃ፣ ሞጣ ልትገባ ነው አሉ። እኛን ለማን ጥለኸን ነው?»

«አጥና።»

«ማጥናትማ አንተም አታጠና። ከየት እንደምታመጣው ባላውቅም ምንጩ ጥሩ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንቺ ትዝ ብለሽው መሰለኝ ዝናቡ ሳያባራ ሄደ።

እውነቱን ልጻፍ። ዛሬ ተናድጄብሻለሁ። «አምጣው፣ ቶሎ ይለቅልህ» ትይኝ ነበር። ቶሎ አለቀ። ለምን አንድ ቀን «ራስህ ሥራው» አላልሽኝም? ከተናደድኩ በኋላ አፈርኩ። ካርቶኑን መልሼ አልጋው ሥር ከተትኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ሱቅ አባባን ሳግዝ ዋልኩ። አያ ሞላ የሚባሉ ገበሬ ለሁለት ልጆቻቸው ሱሪ ሊያሰፉ መጥተው ነበር። አንደኛው ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ከቀበሌ የመጣላቸውን ደብዳቤ ማንበብ አቅቶታል። «ስምንት ዓመት ሙሉ ደብተር ተሸክሞ ተመላለሰ። አህያዬም ብትሆን መንገዱን ታውቅ ነበር» አሉ።

አባባ ሳቁና የኮቱን ታሪክ ጀመሩ። ታውቂዋለሽ። ደጀን በረንዳ ላይ ሲያድሩ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የተቀደደ ኮት ሰጣቸው። አልለበሱትም። ስፌቱን በምላጭ ፈቱት፤ እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ ገበሩን ለየብቻ መሬት ላይ ዘረጉት። ከዚያ መልሰው ሰፉት። አበላሹት። እንደገና ፈቱት። ሦስተኛው ላይ ኮት ሆነ። ልብስ ስፌት የተማሩት እንዲህ ነው።

«ጥሩ ትምህርት የምንለው ይኸው ነው አያ ሞላ። ፈቶ መልሶ መግጠም። የኛ ልጆች የተሰፋውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ውስጡን አላዩትም» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ይኸውልዎ ሦስተኛ የወጣው። ልጠይቀው? አንድ ሱሪ አንድ ሜትር ከሃያ ይፈጃል። ይህ ጣቃ ሃምሳ ሜትር ነው። ስንት ሱሪ ይወጣዋል?»

ስልኬን አወጣሁ። «አርባ አንድ ነጥብ ስድስት ስድስት።»

አያ ሞላ ዱላቸው ላይ ተደግፈው አዩኝ። «ነጥብ ስድስቷን ሱሪ ማን ይለብሳታል፣ ልጄ?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። አባባም ሳቁ። «ስንት ጨርቅ ይተርፋል?» አሉኝ ቀጥለው።

«ስድሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር።»

መሳቃቸውን አቆሙ። በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አሰቡት። አርባ አንድ ሱሪ አርባ ዘጠኝ ሜትር ከሃያ ይፈጃል፤ የሚተርፈው ሰማንያ ነው። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝና የአያ ሞላን ወገብ መለካት ጀመሩ፤ ልብስ የሚሰፋላቸው ግን ልጆቻቸው ነበሩ።

አርብ፣ ነሐሴ 30፣ ሞጣ

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ከአባባ ጋር ተሳፈርን። ልነግራቸው አስቤ ነበር። ደብረ ወርቅ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ደብረ ወርቅን አለፍን። ሞጣ መግቢያ ላይ አልኩ። ሞጣ ገባን።

ያረፍነው ወይዘሮ ጥሩ ቤት ነው፤ ካለፍኩ የምከራየው ክፍል የእሳቸው ነው። «ያምናው ተማሪ ድስቴን አሳርሮ ሄደ። አንተስ ምን ልታሳርር ነው?» አሉኝ። አባባ «ይህ ሦስተኛ የወጣ ልጅ ነው» አሏቸው። «ደረጃ ሽሮ አያማስልም» አሉ ወይዘሮ ጥሩ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

አልሆነም።

የጽሑፉን ፈተና እንደምንም ጨረስኩ። ከዚያ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። እያንዳንዱ ተፈታኝ የፈለገውን አንድ ጥያቄ መርጦ ሰሌዳ ላይ ያስረዳል። ፈታኟ መምህርት ሐያት ይባላሉ፤ ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው።

በቃሌ የማውቀውን መረጥኩ። የአንድ ግቢ ቁመት ከወርዱ በአራት ሜትር ይበልጣል፤ ዙሪያው አርባ ነው፤ ወርዱና ቁመቱ ስንት ስንት ነው? ደብተርሽ ላይ እንዳለው አድርጌ ጻፍኩ። ኤክስ፣ እኩል ይሆናል፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት። ፊደሉ እንኳ የአንቺን መሰለ።

መምህርቷ ተነሥተው አርባውን አጠፉና ሃምሳ ሁለት አደረጉት። «አሁንስ?»

እጄ ዝም ብሎ ስምንትና አሥራ ሁለትን ደግሞ ጻፈ።

«ማን ነው ያስጠናህ?»

«እህቴ።»

«የጻፈችልህን አየሁ። ያስተማረችህን ግን አላየሁም» አሉ። በቁጣ አልነበረም። ለዚያ ነው ያመመኝ።

ከሰዓት በኋላ አባባን ቢሮ ጠሯቸው። ዘጠነኛን ከደገመ እንቀበለዋለን፤ ለአሥረኛ ግን አልደረሰም፤ እስከ ሰኞ አሳውቁን አሏቸው። አባባ ካርዴን ከኪሳቸው አውጥተው ሊያሳዩ ጀምረው ነበር። እዚያው በሩ ላይ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ካርቶኑን፣ የቤት ሥራውን፣ ሰኔን።

ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው መለሱት። እስከ ወይዘሮ ጥሩ ቤት ድረስ ቀድመውኝ ሄዱ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ከቅዳሴ ስንመለስ አባባ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ተቀመጥኩ።

«ደጀን ለምን እንደወረድኩ ነግሬህ አውቃለሁ?»

«አባትዎ ሞተው፣ የሚያስተምርዎ ጠፍቶ።»

«ውሸት ነው» አሉ።

እታለም፣ ይህን አንቺም አልሰማሽም። አባባ ቅኔ ቤት ሳሉ አንድ ጓደኛቸው የቆጠረውን ቅኔ የእኔ ነው ብለው ለየኔታ አቀረቡ። የኔታ ወደዱት፤ ጉባኤው ሁሉ «ይበል» አለ። በማግስቱ የኔታ «በል ምሥጢሩን ፍታልን» አሏቸው። አልቻሉም። የኔታ አልገረፏቸውም። «ከጀማሪዎቹ ጋር ተቀመጥና እንደገና ጀምር» ብቻ አሏቸው።

«ታናናሾቼ መሐል መቀመጥ ሞት መሰለኝ። አጎዛዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። አንድ ዓመት መድገም አፍሬ ቅኔን እስከ ዛሬ አጣኋት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአባቴ ሞት አሳበብኩ» አሉ።

ከዚያ ስለ እኔ ቀጠሉ። «ብቸና ብትመለስ ካርድህ አለህ። አሥረኛ ትገባለህ፤ የሚጠይቅህ የለም። እዚህ ከቀረህ ትደግማለህ። እኔ አልመርጥልህም። እስካሁን የመረጥኩልህ ልኬትህን ሳላውቅ ነው።»

«ያቺ ጥያቄ ምን ነበረች?» አሉ ቀጥለው።

ነገርኳቸው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ፤ እሑድም አይለያቸውም። «በል ግቢው ይህ ነው፤ ሜትሩን በሳንቲ ሜትር እንያዘው» ብለው ሃምሳ ሁለት ላይ በጣታቸው ያዙ። «ሁለቱ ቁመቶች እያንዳንዳቸው አራት ትርፍ አላቸው። ትርፉን ቀንስ።» ስምንት ቀነስን። «አሁን አራቱም ጎን እኩል ሆነ። ለአራት እጠፈው።» አጠፍኩት። አሥራ አንድ።

ደግሜ አጠፍኩት። አሥራ አንድ። አራቱን መለስኩ፤ ቁመቱ አሥራ አምስት።

ኤክስ ለካ ይህ የታጠፈው ነው። ዓመቱን ሙሉ ስጽፈው ኖሬ ዛሬ አየሁት። አባባ ኤክስ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እኔ ነገርኳቸው። «ስም አወጡለት በለኛ» አሉ። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ተመዘገብኩ። ዘጠነኛ ክፍል። ፎርሙን ራሴ ሞላሁ። መምህርት ሐያት ኮሪደር ላይ አገኙኝ። «ስንት ሆነ?» አሉኝ። «አሥራ አንድና አሥራ አምስት።» «እንዴት?» ነገርኳቸው። የሜትሩን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4፣ ብቸና

አባባ ሱቁን እንደከፈቱ ስፒሉን ነቅለው የስፒል ቆርቆሯቸው ውስጥ ከተቱት። አያ ሞላ ሱሪዎቹን ሊወስዱ መጥተው ነበር። ባዶውን ግድግዳ አዩና «ሦስተኛው ልጅስ?» አሉ።

«ይደግማል።»

«ወድቆ?»

«አይ፣ ሊማር።»

አያ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገብቷቸው ይሁን ተገርመው አላውቅም። ዳምጤ ግን ሳቁን አልቻለም። «ሦስተኛ ወጥቶ የሚደግም በብቸና ታሪክ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ከየት አመጣው እንደነበር ነገርኩት። «እኔስ ታዲያ ስንተኛ ነኝ?» አለ።

ለእማዬ መናገር ነው የፈራሁት። እህል ስታበጥር አጠገቧ ተቀምጬ ጀመርኩ። ሰፌዱን ሳታቆም «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት?»

«ማንበብ ባልችል የእሷን እጅና የአንተን እጅ አልለይም? የእሷ ጽሑፍ ቀጥ ያለ ነው። የአንተ ዶሮ የጫረው ነው።»

ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። በሽታው ሲጠናብሽ ሌላው ሁሉ ሲያደክምሽ ከእኔ ደብተር ጋር ስትቀመጪ ፊትሽ ይፈታ ነበር አለች። «የእሷን ዕረፍት ልከልክላት? አንተንም ጎድቻለሁ፤ አውቃለሁ» አለች።

ስለዚህ ረቡዕ የጻፍኩትን ትቼዋለሁ። አልሰርዘውም፤ ተናድጄ ነበርና። ግን ትቼዋለሁ።

እማዬ ማታውን ሽሮ አማሰል አስተማረችኝ። «ሞጣ ይሁን» ብላ አልተናገረችም። በሶውን ግን ለአንድ ወር የሚበቃ አድርጋ ፈጨችው።

ሰኞ፣ መስከረም 5፣ ሞጣ

አባባ ትናንት አድርሰውኝ ተመለሱ። ዛሬ የመጀመሪያው ጠዋቴ ነበር።

የነቃሁት በሰው ድምፅ አይደለም። ጥቂት ጊዜ የሚጠራኝ ጠበቅኩ፤ ማንም እንደማይጠራኝ ሲገባኝ ተነሣሁ። አልጋዬን አነጠፍኩ። ውኃ ቀዳሁ። በሶ በጠብኩ፤ ቀጠነብኝ፤ ጠጣሁት። ወይዘሮ ጥሩ በመስኮት አይተው «እሳት ሳትነካ ቁርስ በላህ? ብልህ ነህ» አሉኝ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነካሁት።

ትምህርት ቤት የደረስኩት ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ነው። ክፍል ስገባ ከሁሉም በቁመት እበልጣለሁ። አንዱ ልጅ መምህር መስዬው ተነሣ፤ ከዚያ አፍሮ ተቀመጠ። እኔም አፈርኩ፤ ግን ያን ያህል አይደለም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የመምህርት ሐያት ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሄዱ አላየሁም። «ገባችሁ?» አሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» አለ። ባለፈው ዓመት ሙሉ ጮክ ብዬ ስለው የኖርኩት «አዎ» ነው። አፌ ተከፍቶ ነበር። እጄን አወጣሁ።

«እኔ አልገባኝም» አልኩ።

መምህርቷ ሁለተኛውን መስመር አጠፉና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በዝግታ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እግዜር ይስጥህ» አለኝ።