አምባዬ የራሱን ስም የሰማ ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለእናትነሽ ኢተፋ፣
ጅቡቲ።

እታለም፣ አካም ጂርታ? እንደምን ከርመሻል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ጂጂ ትምህርቷን ወደደችው ወይስ አሁንም በር ላይ ታለቅሳለች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏን አያማትም፤ ቀኑን ሙሉ ስትገሥጸኝ ትውላለች። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽሽም፣ እንደ ሰሞኑ ደህና ሆኜ አላውቅም። ለምን እንደሆነ በስልክ ብነግርሽ አንጀቴ አይርስም። ባልሽ አብዱናሲር ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ደብዳቤውን ከነፍላሹ ያደርስልሻል።

ባለፈው ወር ለአባዬ ዘፈን ፈቃድሽን በድምፅሽ ቀድተሽ ላኪልኝ ስልሽ፣ ባለ ሙዚቃ ሱቁ አምባዬ ሽማግሌ ነው፣ አታዋርጂው፣ የአባዬ ቀብር ላይ ድንኳን ያስተከለው እኮ እሱ ነው ብለሽኝ ነበር። አዎ፣ አስተክሏል። አልቅሷልም፤ የሚያለቅስበትን ያውቃላ። የአባዬን የአገዳ ዘፈን ወንጂ ቤታችን ድረስ መጥቶ በቴፕ ቀድቶ፣ ናዝሬት ወስዶ በሌላ ድምፃዊ አስዘፍኖ፣ ካሴቱ ላይ «ግጥምና ዜማ አምባዬ» ብሎ ያሳተመ ሰው ነው። አባዬ አገዳ ሲቆርጥ የፈጠረውን ዘፈን በሰው ሠርግ ላይ በሌላ ሰው ስም ሲዘፈን ሰምቶ፣ ቤት ገብቶ እህል ሳይቀምስ ሲተኛ አንቺም አይተሻል፣ እኔም አይቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እኔ ሆቴል ኪቦርድ እየተጫወትኩ እንደምኖር ታውቂያለሽ። የአባዬን ዘፈን በራሴ ድምፅ ተጫውቼ ዩቲዩብ ላይ ብለቀው አምባዬ ንብረቴ ነው ብሎ አስወረደው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ብወስደው የባለቤቱን ፈቃድ አምጪ አሉኝ። ባለቤት የሚሉት አምባዬን ነው። ለገዛ አባቴ ዘፈን የሙዚቃ ሱቁ ሄጄ ደጅ እንድጠና መሆኑ ነው። ጋሽ ማለቱን የተውኩት ያን ቀን ነው።

ቦንቱን አታውቂያትም። እዚሁ አዳማ ከአንዲት ጠባብ ክፍል በኢንተርኔት ሬዲዮ የምታስተላልፍ ልጅ ናት። የእኛን አካባቢ ዘፈን ብቻ ነው የምታሰማው፤ የወንጂን አገዳ ቆራጮች፣ የባቱን ዓሣ አስጋሪዎች፣ እንደ እኔ አሳታሚ የሌላቸውን የሆቴል ተጫዋቾች። ሰሚዎቿን ብትሰበስቢያቸው አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። ልቤን የገዛው አሠራሯ ነው። ከሱቅና ከአሳታሚ ጋር አትነጋገርም። ዘፋኙ ራሱ፣ እሱ ከሞተም ልጆቹ ሁሉ፣ ይተላለፍ፣ ፈቅደናል ብለው በገዛ ድምፃቸው ይቀዳሉ፤ ያ ድምፅ ከዘፈኑ በፊት ይሰማል። ባልደረቦቼ፣ ማን ሊሰማልሽ ነው ብለው ስቀውብኝ ነበር። ለእኔ አንድ ሰሚ ይበቃኝ ነበር።

አምባዬ ዘፈኑን የቀዳ ዕለት ለአባዬ አንድ ቅጂ ትቶለት ነበር። እማዬ ጌታን ተቀብላ የዓለም ዘፈን ሁሉ ከቤቴ ይውጣ ብላ ካሴቶቹን ስታቃጥል፣ ያ ግን ላዩ ላይ «መዝሙር» ተጽፎበት ከመዝሙሮቹ መሀል ተቀምጧል። የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ብታዪው ታውቂዋለሽ፤ የአባዬ አይደለም። ሳዳምጠው መሀሉ ላይ ስደርስ አቁሜ ወደ ኋላ አጠነጠንኩት። አምባዬ ያኔ ወጣት ነው፣ ሙገሳ ይወዳል። ልክ እንደ ሠርግ ቤት አባዬ ግንባር ላይ ብር ለጥፎ አወድሰኝ ብሎታል። አባዬም አወደሰው፤

አምባዬ ከናዝሬት መጣ ቴፑን አንጠልጥሎ፣
የኢተፋን ዘፈን ለሀገር ላሰማ ብሎ።

ይህን ቆርጦ ጥሎ ነው ያሳተመው። እኛ ቤት የተወውን ቅጂ ግን ረስቶታል።

ደወልኩለት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘፈኑ በቦንቱ ሬዲዮ ሊተላለፍ ነው አልኩት፤ ስለ ካሴቱ ትንፍሽ አላልኩም። እሱ እኔ የተጫወትኩት መስሎታል። ምስክር ይዤ እሰማለሁ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት እንገናኛለን አለኝ። እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። እማዬ ነገሩ ሲገባት «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ገሠጸችኝ፤ በቀል የእግዚአብሔር ነው፣ ለእሱ ተይው አለችኝ። ቂሙ የእኔ ይሁን፣ ሳሉ የማን እንደሆነ እሑድ ይታያል አልኳት።

እሑድ ከአምባዬ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ገብቼ ስፕሪስ አዝዤ ተቀመጥኩ። አምባዬ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎችና አንድ ጠበቃ በሩ ላይ አስቀምጦ፣ ስልኩን ከሱቁ ትልቅ ስፒከር ጋር አያይዟል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ቆመው ይሰማሉ። መጀመሪያ የእኔ ፈቃድ ተሰማ፣ ቀጥሎ እያመነታሽ የላክሽልኝ ያንቺ። እኔ የኢተፋ የመጀመሪያ ልጅ እናትነሽ ስትዪ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ተሰማ። ከዚያ አባዬ ራሱ መጣ። አምባዬ ድምፁን ሲለየው ከወንበሩ ተነሣ። ስሙ ሲጠራ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ፤ አንደኛው ሽማግሌ እጁን ይዘው፣ ተወው ይጨርስ፣ አንተን እኮ ነው የሚያወድስህ አሉት። ጠበቃው ቦርሳውን ዘግቶ ሰዓቱን አየ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ እታለም። ስፕሪሴን ጨርሼ፣ በፊቱ አልፌ፣ እንደምን ዋሉ ብዬው ሄድኩ።

አሁን ሽማግሌ እየላከ ነው፤ የእኔንና የኢተፋን ስም አብረን እንጻፍ ይላል። አይሆንም አልኩ። ወንጂ ሄዶ ከአባዬ ጋር አገዳ የቆረጡት ፊት ቆሞ፣ ዘፈኑ የኢተፋ ነው ይበል፤ እሱንም ቦንቱ ትቀዳዋለች። እስከዚያ በየእሑዱ ይደገማል። የሳቁብኝ ባልደረቦቼም ለቦንቱ በየድምፃቸው መፍቀድ ጀምረዋል፤ ከእንግዲህ የአምባዬን ደጅ የሚጠና የለም። ጨካኝ ነሽ ብትዪኝ እቀበላለሁ።

አብዱናሲር ደብዳቤውን መንገድ ላይ ከፍቶ ካላነበበው ሰላም በዪልኝ። አማትሽን እማማ በድሪያን ኑኃሚን እጅ ነሥታለች በዪያቸው። ጂጂን ጉንጯን ሳሚልኝና ዘፈኑን ከፍላሹ አሰሚያት፤ የማን እንደሆነ ከአሁኑ ትወቅ።

እማዬ ሰላም ብላሻለች። ያን እሑድ ቤት ስገባ ከቸርች ተመልሳ ጉልበቷን እያሸች ተቀምጣ ነበር። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ፊቴን አዙሬ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ማሸቷን አቁማ፣ «ሰማ?» አለችኝ። ሰማ አልኳት። «ስሙ ያለበትንም?» እሱንም ሰማ አልኳት። «ጌታ ይመስገን» ብላ ጉልበቷን ማሸት ቀጠለች።

እህትሽ ኑኃሚን ኢተፋ
አዳማ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.