ዋጋዋ ቅንጣት አልቀነሰም ስለተባለችው መኪናዬ

ለተከበሩ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በየጠዋቱ ተወልውላ ከቢሮዎ ደጃፍ ለምትቆመው ጥቁር መኪናዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከመቀመጥ መቆም፣ ከመቆም መንጎራደድ እየቀለለኝ ከመምጣቱ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህችን አንቀጽ እስክጨርስ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ መኪናዬን በመስኮት አይቼ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ የእጅ ጽሑፌ መንገዳገዱን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አጎንብሼ በአጉሊ መነጽር የኖርኩባቸውን ዓይኖቼን ዛሬ ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ሐኪሜም ቀኙ ቶሎ ካልተሠራ የሰው ሰዓት መክፈት ቀርቶ የግድግዳውንም ማንበብ እንደሚያቅተኝ ሳታለሳልስ ነግራኛለች። ስለዚህ ዐሥራ አራት ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኳትን፣ የሰፈሩ ሰው «ሙሽሪት» የሚላትን መኪናዬን ሸጬ ዓይኔን ላሠራ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። የመድኃኒት ቤት ባለቤት የሆነችው ጎረቤታችን ልትገዛት ቃል ሰጠችን። ልትረከባት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ የእርስዎ ደንበኛ የሆነ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ሱቄ ፊት ለፊት ወደ ኋላ ሲል የቆመችውን ሙሽሪትን ግራ ጎኗን አጨራመተው።

ሾፌሩ ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ «አባባ፣ በእናትዎ ይቅር ይበሉኝ፣ አላየኋትም» አለኝ። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ደብዳቤው እሱን አይመለከትም።

ድርጅትዎ የጥገናውን ወጪ ሸፍኗል። ከአደጋው ወዲህ የጎደለውን የመሸጫ ዋጋ እንድትክሱኝ ባመለከትኩ ጊዜ ግን «ወደ ቀድሞ ይዞታዋ ስለተመለሰች የዋጋ መቀነስ አልደረሰባትም» የሚል፣ እርስዎ የፈረሙበት፣ ማኅተሙ ከጽሑፉ የሚበልጥ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን በዝርዝር ላቅርብ።

፩ኛ/ ሙሽሪትን ሰባት ሳምንት አስተኝቶ ላስታመመልኝ ጋራዥ ምስጋና ይድረሰው። ድሮ በአንድ ጣት ይዘጋ የነበረው በር ዛሬ በሁለት እጅ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ይደረገማል። ቀለሟም በቀኝ ወተት፣ በግራ ወተት የነካው ሻይ ሆኗል፤ ሁለት መኪና ያለኝ የሚመስላቸው ጎረቤቶች አሉ።

፪ኛ/ ገምጋሚዎን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣ በደህናው በኩል እንደቆመ «እንደ አዲስ ናት» ብሎ ፈረመ። ግራውን ጎን ፀሐይ ላይ እንዲያይልኝ ብለምነው ቸኩያለሁ አለኝ። እኔ ሞራ በጋረደው ዓይኔ የማየውን እሱ በሁለት ጤነኛ ዓይኖቹ አለማየቱ የሙያ ብቃት መሆን አለበት፤ እኔ ስለሙያው ምን አውቃለሁ?

፫ኛ/ ጎረቤታችን መካኒክ ይዛ መጣች። መካኒኩ ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አወጣ፤ ቀኙ በር ላይ ሲያስጠጋት ጥብቅ አለች፤ ግራው ላይ ግን ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነውና ወደ መሬት ጠብ አለች። እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። በእኛ ሙያ የሰው ሰዓት የከፈተ ሁሉ፣ ከኋላ ክዳኑ በስተውስጥ ቀኑንና ምልክቱን በመርፌ ጭሮ ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው እንዳይሳሳት ነው። ሙሽሪትም ከጋራዥ በወጣች ቀን፣ እጄ ለምዶበት፣ የግራ በሯ ጠርዝ ላይ የተመታችበትንና የተጠገነችበትን ቀን በመርፌ ጻፍኩ። ጎረቤታችን አነበበችው። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና እኔ የተመታ መኪና እፈራለሁ» ብላ፣ ከተስማማንበት ሩቡን ቀንሳ እንደምትወስድ ነገረችኝ። የተቀነሰው ሩብ ልክ የቀኝ ዓይኔ ሒሳብ ነው። ባለቤቴ «ደግሞ ፈርመህባት አረፍከው!» ብላ ከዚያን ዕለት ወዲህ በአጭሩ ነው የምታናግረኝ። ከዚያ በኋላ የመጡትም ገዢዎች ሁሉ ማግኔት ነበራቸው።

፬ኛ/ የእኔም መድን ከእናንተው ዘንድ ነውና ለማሳደስ ምድር ቤት ወዳለው መስኮት ሄድኩ። እዚያ ያለችው ትሑት ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ፣ «አደጋ ስለደረሰባት» ብላ የመኪናዬን ግምት ዝቅ አደረገችው። የካሳ ክፍላችሁ ባለበት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያልቀነሰ ዋጋ ምድር ቤት ሲደርስ እንዴት እንደጎደለ ስላልገባኝ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ወድቆ እንደሆነ ብዬ አርባ አራቱንም የደረጃ እርከን እየዳበስኩ ፈልጌዋለሁ። ጥበቃው ምን ጠፋብዎት ቢለኝ «የመኪናዬ ዋጋ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁ፤ ከተናደድኩም ሰነበትኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እርስዎን ማስጨነቅ ስለማልሻ ምርጫውን ለእርስዎ እተዋለሁ። የጎደለውን ዋጋ ይክፈሉኝ፤ ወይም ከአደጋው በፊት በተስማማሁበት ዋጋ ሙሽሪትን ራስዎ ይግዟት። ቅንጣት እንዳልቀነሰች በፊርማዎ ስላረጋገጡ፣ ከእርስዎ የተሻለ ገዢ ከየት አመጣለሁ? ማግኔትም እንደማያስፈልግዎ አምናለሁ።

ድርጅትዎ እንደ ሕንፃው ከፍ እንዲል፣ ደንበኞችዎ እንደ እኔ ትዕግሥተኛ እንዲሆኑ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያልቅበት እየተመኘሁ፣ ወንበሬ ላይ መቀመጥ ያቃተኝ እኔ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታማኝ ደንበኛ፣
ሰዓት ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዓይን ቀጠሮዬ በመጪው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ክፍያው ስላልሞላልኝ ቦታው ባዶ እንዳይቀር ሐኪሜን አስፈቅጄ ለገምጋሚዎ አስተላልፌለታለሁ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ለማየት እንደሚቸገር አስረድቻታለሁ። ቁርስ ሳይበላ ይምጣ። ባለቤቴ ሙሽሪትን ነድታ የሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ፣ ግራ ጎኗን ወደ ፀሐይ አዙራ ታቆማታለች። ፋሻው ሲፈታለት መጀመሪያ ሙሽሪትን ያሳዩልኝና፣ ያየውን ለእኔ ያንብብልኝ፤ ያን ጊዜ በሩ ላይ የጻፍኩትን እኔ ማንበብ አልችልም።