የሰው አውራጃ ማሊያ

ውድ ልጄ ቱባ፣

ማሊያሽ ትናንት በፖስታ ደረሰን። እናትሽ ሙፈሪያት ከላስቲኩ አውጥታ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችና “ይቺ ልጅ አላጠበችውም እንዴ?” አለች። እንዳጠብሽው እኔ አውቃለሁ፤ የአየርላንድ ጭቃ ነው አልለቅ ያለው። እሷ ግን በረኪና ይዛ ልትዘምትበት ስትነሳ ቀምቻት ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጭቃው እንዳለ ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

በስልክ ማውራት ሲቻል ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። በስልክ ከሆነ ሁለት ቃል ሳልናገር እናትሽ ትነጥቀኛለች። ደሴ እያለሽ ፊደል ያስቆጠርኩሽም ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። አንቺ የሜዳውን ታውቂያለሽ፤ ዘንድሮ ቡርንስቪል፣ እኛ ሳሎን ውስጥ የተደረገውን ሊግ ግን አታውቂውም።

እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ፓርክ ውስጥ ከአይሪሾቹ ልጆች ጋር ያንን የአገራቸውን ኳስ ስትጫወቺ መጀመሪያ ያየሁሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ኳሱን በእጅሽ አፍሰሽ ስትሮጪ “እጅ ነው! እጅ!” ብዬ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ዳኛው ዞሮ አየኝ እንጂ አልነፋም። ከዚያ ኳሱን በእግርሽ ነካ አድርገሽ መልሰሽ ያዝሽውና ከጎሉ አግዳሚ በላይ ለጋሽው። ልጄ ሳተች ብዬ አንገቴን ስደፋ ሰዉ ያጨበጭባል። ለካ በላይ ሲያልፍ አንድ ነጥብ፣ መረብ ውስጥ ሲገባ ሦስት ነው። እስክለምደው ድረስ ስንት ጊዜ ያለቦታው አዘንኩ፣ ያለቦታው ጨፈርኩ።

አየርላንድ ነርሲንግ ልትማሪ ሄደሽ፣ ከከተማሽ ክለብ አልፈሽ ለካውንቲው ስትመረጪ ወሬውን መጀመሪያ የነገርኩት ለመርጋ ነው። ፍሪድሊ ያለው ፋብሪካ አብረን ስለምንሠራ በአንድ መኪና ነው የምንመላለሰው። ታውቂው የለ፣ ነገር ሳይፈልግ አይውልም።

“ስንት ይከፍሏታል?” አለኝ።

“ምንም።”

“ፍሪ ነው እንዴ የምትሮጥላቸው?”

እንደ ገባኝ አስረዳሁት። ካውንቲ ማለት እንደኛ ጊዜ አውራጃ ነው፤ ሁሉም ለአገሩ ልጅነት ብሎ እንጂ ለደመወዝ አይጫወትም፤ ተጫዋች አይሸጥም፣ አይገዛም አልኩት።

“እና የሰው አውራጃ ከሰው አውራጃ ሲጋጠም አንተ ምን ቤት ነህ?” ብሎ እስከ ቡርንስቪል ሳቀብኝ። የመጀመሪያው ጨዋታ እሁድ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ግን የጫማውን በረዶ እያራገፈ የቆመው እሱው ነበር። “ሂተሬ ተበላሽቶ ነው” አለ። እስከ መጋቢት ሂተሩ አልተሠራም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ስትሸነፉ ሦስት ሆነን አዘንን። ሁለተኛውን ስታሸንፉ የመስጊድ ጎረቤቶቻችን መጡ። ከሴዳር ሪቨርሳይድ ድረስ በባቡርና በአውቶቡስ የመጡም ነበሩ። ሙፈሪያት መጀመሪያ “ቤቴን ስታዲየም አደረጋችሁት” አለች፤ በኋላ ግን ሳምቡሳውን ቅዳሜ ማታ ጠቅልላ ማደር ጀመረች። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ጨዋታውን በኢንተርኔት የሚያስተላልፈው ሰውዬ ነበር። እያንዳንዷን ልጅ ከነክለቧ መንደር ይጠራታል፤ አንቺ ጋ ሲደርስ ግን “አሜሪካዊቷ” ብሎ ያልፋል። አሥራ ሦስት ቁጥር ለብሰሽ፣ ሻሽሽን ጠበቅ አድርገሽ እንደነሱ ጭቃ ውስጥ ስትወድቂና ስትነሺ እያየ!

አሁን ወደ መጨረሻው እሁድ ልምጣ። ያን ቀን ካሸነፋችሁ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ትወጣላችሁ፤ ካልሆነ ለዓመቱ እዚያው ናችሁ። አንቺ እንደ ልማድሽ በእኛ አቆጣጠር “ስምንት ሰዓት ነው” አልሽኝ። የብርዱን ወራት ሙሉ ያ ቁጥር አታሎኝ አያውቅም፤ እናንተ ጋ የቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን እዚህ የግድግዳው ሰዓት ጠዋት ስምንት ቁጥር ላይ ይቆማል። መደመር የለ፣ መቀነስ የለ። አላህ ለሐበሻ አባት ያመቻቸው ነው እያልኩ እኩራራ ነበር። ለካ በዚያው ሳምንት አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ገፍታለች፣ አየርላንድ ገና አልገፋችም። አንድ ሰዓት ቀድመን ተቀምጠን፣ ቤቱ ሙሉ ሰው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቀረ።

“የኢንተርኔትህን ቢል አልከፈልክም መሰለኝ” ይለኛል መርጋ።

ግራ ሲገባኝ ደወልኩልሽ። ጨዋታ ላይ ነች ብዬ ስለነበር ታነሻለሽ ብዬም አልጠበቅኩም። አነሳሽ። እያለቀስሽ ነበር። ያኔ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ፤ ሁሉም ሰላም እንዲልሽ ብዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌው ነበር። ያልሽውን ቤቱ በሙሉ ሰምቷል።

“አባዬ፣ አይ ዶንት ቢሎንግ ሂር፤ ቦታዬ እዚህ አይደለም” አልሽ። “ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት የልጄን ቦታ ወሰድሽ አለችኝ። ልክ ነች እኮ። እነሱ ለተወለዱበት ነው የሚጫወቱት። አሁን ገብቼ ለአሰልጣኟ አልጫወትም ልላት ነው።”

ሙፈሪያት የሳምቡሳውን ትሪ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ስልኩን ከእጄ የወሰደው መርጋ ነው። ያለሽን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ደግሜ ልጻፈው።

“ቱባ ልጄ፣ መርጋ ነኝ። እኔ በወጣትነቴ ለጊምቢ አውራጃ በረኛ ነበርኩ። አንድ ዓመት ከወሎ የመጣ የአስተማሪ ልጅ አጥቂ ሆነልን። የአገራችንን ልጅ ቦታ ወሰደ ብለን አጉረመረምን። እኔም አጉረምርሜያለሁ።”

“ከዚያስ፣ ጋሽ መርጋ?”

“ከዚያማ አገባልንና ዝም አልን። እስከ ዛሬ ስናወራ የጊምቢ ልጅ ነው የምንለው። ስሚኝ፣ ለእንግዳ ወንበር ነው የሚሰጡት። አንቺን ምን ሰጡሽ?”

“ማሊያ” አልሽ።

“በቃ፣ ጫማሽን እሰሪ።”

ስልኩን ሲመልስልኝ ዓይኔን አላየም። እኔ አባትሽ ልለው የሚገባኝን እሱ አለው፤ ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽሽም። ሰዓቱ ሲደርስ ስክሪኑ በርቶ አሥራ ሦስት ቁጥርን ከሰልፉ መሃል ስናይ ሙፈሪያት እልል አለች። ገና ኳስ ሳይነካ!

ከዚያ በኋላ ያለው ያንቺ ነው። እኔ የማልረሳው የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው። በአንድ ነጥብ እየመራችሁ፣ የነሱ ልጅ ከጎላችሁ ፊት ልትለጋ እግሯን ስታነሳ፣ ቦታሽ ወዲያ ማዶ የሆነ አንቺ ሜዳውን ሙሉ ሮጠሽ መጥተሽ እግሯ ሥር ተወረወርሽ። ኳሱ መዳፍሽን መትቶ ወጣ። መርጋ ከሶፋው ዘሎ “እጅ ነው! እጅ!” እያለ አቀፈኝ። የማብቂያው ፊሽካ ተነፋ፤ አሸነፋችሁ። ያ ሰውዬ ስምሽን ጠራ፣ ቱባ አለ፣ የክለብሽንም መንደር አስከተለ። አሜሪካዊቷ አላለም። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ። ኮራሁብሽ ልጄ። ስለወጣችሁም ነው፣ ልትመለሺ ተነስተሽ ስለገባሽ ግን ይበልጣል።

ሰኞ ፋብሪካ አንዱ ሱፐርቫይዘር እሁድን እንዴት አሳለፋችሁ ሲለን መርጋ ምን ቢል ጥሩ ነው? “አውራጃችን አሸነፈ።”

በክረምት አሠልጣኟ ድጋሚ እንደምትፈልግሽ ነግረሽናል፤ እኛን አስፈቅጂ አላልንሽም፣ ሂጂ ተጫወቺ። እዚህ በሳሎኑ ጉባኤ የወሰንነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አየርላንድም ሰዓቷን ገፍታለች፤ አሁን አልሳሳትም። ቢሆንም ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ጨዋታ ቀን አንድ ሰዓት ቀድመን እንቀመጣለን። ምናልባት ብትደውዪ።

ስልኩን የያዘው አባትሽ፣
አብዱልመናን
ቡርንስቪል