ርብ እስኪጎድል

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 17 ቀን 1980
ጧት ግድቡ ላይ። ውሃው አሁንም አተላ ነው። በእንዲህ ያለ ድፍርስ ውስጥ ቀረሶ ዓሣ መንጠቆ የት ያያል? በትል ሁለት አምባዛ ብቻ። ዘልዝዬ፣ ጨው ነስንሼ ጓዳ ሰቀልኳቸው። የካሴ ቋንጣ! ፈቃድ አገኛለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብሎ ከግንባር በሰው ልኮብኛል። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ታናሼ፣ አሁን ክላሽ አዝሎ... ብቻ በጤና ይምጣልኝ።

የግድቡ ዘበኛ አንዳርጌ እንደ ልማዱ ለከፈኝ። «መምህር፣ ዛሬም ዓሣዎቹን ፊደል ሊያስቆጥሩ መጡ?» አፉ አያርፍም ይሄ ሰውዬ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 20
ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ከእብናት በኩል የሚሻገር የለም አሉ። ግድቡም ጨመረ፤ የውሃውን ልክ እንድታሳየኝ የተከልኳት ችካል ጠፋች። መች ይሆን የሚጎድለው? ውሃው ካልጠራ ቀረሶ የለም። ካሴ ደግሞ አምባዛ ብዙም አይወድ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 24
ነፋስ የለም። ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ቆመዋል። አንድም አይዋኝ። የሰመጠው ሣር ሲበሰብስ አየር ያጥራቸዋል፤ ለተማሪ ያስተማርኩት ነገር ነው። ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረው... ዘገነነኝ።

ቀና ስል አንዳርጌ አጠገቤ ተቀምጧል። መቼ መጣ? ቀልድ የለ፣ ለከፋ የለ። «እህል ቀምሰዋል መምህር?» አለኝ። ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ሰው በጧት ግድብ ዳር ይሄን ይጠየቃል?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 26
ሱቅ ስገባ ሬዲዮውን ዘጉት። ባለሱቁ የጨዉን ሂሳብ አልቀበልም አለ። ይሄ ንፉግ እንኳ!

ጎረቤቴ እትዬ ሸዋነሽ ደጃፏ ላይ ሽምብራ ትለቅማለች፣ አንድ ቁና ሙሉ። ለምንድን ነው ብላት «እንዲሁ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። እራት ካልበላህ ብላ ደግሞ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ስበላ ታየኛለች። ጎረስኩ፣ ታየኛለች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 28
ገባኝ መሰለኝ። ግድቡ በየክረምቱ አንድ ሰው ይፈልጋል ይላሉ። አምና ከብት ሊያጠጣ የወረደ ሰው ሰምጦ ቀርቷል። ዘንድሮ እስካሁን ማንም የለ። እኔ ደግሞ ጧት ጧት እዚያው ነኝ። ውሃው እኔን ይወስዳል ብለው ነው የጠረጠሩት!

ስቄ ልተወው ነበር። ግን ዛሬም ዳክዬ እንኳ ውሃው ላይ አላረፈም። አንዳርጌን ፊት ለፊት ጠየቅሁት። «ንገረኝ እስቲ፣ ውሃው እኔን ነው የሚፈልገው?» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ብቻዎን አይምጡ ብቻ፣ በእመቤታችን!» አለኝ። ቤቴ ድረስ ሸኘኝ። እውነቱን ልጻፍ... ፈርቻለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 30
እህቴ ባየች ሐሙሲት ላይ ተገላገለች! ወንድ! ካሴ አጎት ሆነ፣ አያውቅም እኮ። ወሬውን ለእትዬ ሸዋነሽ ስነግራት እልል ትላለች ብዬ ነበር። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ምን ነካቸው?

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 2
የንስሐ አባቴ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ሳልጠራቸው መጡ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ ብዙ አቆዩት። «አባ፣ እርስዎም እንደ ገበሬው ውሃ ሰው ይበላል ብለው ያምናሉ?» አልኳቸው። ሲወጡ፣ «ርብ ይጉደል እንጂ ልጄ፣ እንጨዋወታለን» አሉ። ርብ ከእኔ ጋር ምን አለው?

እኔም ጸለይሁ፤ ርብ ይጉደል።

ዓርብ፣ ጳጉሜ 4
ጎደለ! ችካሌ ወጣች። ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል። ቀረሶ በሊጥ... እየተሻሙ! ቶሎ ቶሎ መንጠቆ ማልበስ ነው። ጓዳዬ ገመዱ ሞላ። ካሴ በልቶ አይጨርሰውም።

«ርብም ጎድሏል፣ ሰው መሻገር ጀመረ» አለ አንዳርጌ። ታዲያ ደስ አይልም ወይ ስለው ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

እሑድ፣ መስከረም 1 ቀን 1981
ከመኪና መናኸሪያው እስከ ማታ ቆምኩ። ካሴ አልመጣም። ነገ ይመጣ ይሆናል። መኪና አጥቶ ነው።

አጎታችን አዛናው ከእብናት መጥቷል አሉኝ። ርብን አቋርጦ፣ በዚህ ዕድሜው! ግን እኔ ቤት አልመጣም። እትዬ ሸዋነሽ ጋ ነው ያረፈው። ለምን?

ማክሰኞ፣ መስከረም 3
ጎሕ ሲቀድ አንኳኩ። ከፈትኩ። ግቢው ሙሉ ሰው፣ ነጠላው ሁሉ ተዘቅዝቆ። አጎቴ ከፊት። አንድ ቃል ሳይናገሩ አወቅሁ።

ካሴዬ።

ረቡዕ፣ መስከረም 11
እጄ ዛሬ ነው የጻፈልኝ። ለካ የካሴን መሞት ከነሐሴ ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። ወሬውን ቆስሎ የተመለሰ የይፋግ ልጅ ነው ያመጣው። «አጎትህ ሳይደርስ ማን ደፍሮ ያርዳህ?» አሉኝ አባ። አንዳርጌ ከጎኔ የማይጠፋው ለካ ወሬው ከውሃ ዳር ብቻዬን እንዳያገኘኝ ነው። ሽምብራው የለቅሶዬ ንፍሮ ነበር።

እኔ ቂሉ ርብ ይጉደል እያልኩ ጸለይሁ። ባይጎድል ኖሮ... ካሴ ዛሬም በሕይወት ነበር፣ ለእኔ።

ሰኞ፣ መስከረም 16
ሐሙሲት ደርሼ መጣሁ። አጎቴ አስጠንቅቆኛል፤ ባየች አራስ ናት፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ጥቁሩን አወለቅሁ። የሐዘን ጢሜን ተላጨሁ። ቋንጣውን በሙሉ አውርጄ ይዤላት ሄድኩ። ጓዳዬ ተሰቅሎ ሳየው አልቻልኩም።

ባየች ልጁን ታቅፋ ፊቷ በደስታ በራ። «አያ! ካሴ መጣ?»

«ፈቃድ ከለከሉት።»

«ውይ! ለክርስትናው እንኳ ይድረስልኝ።» ቋንጣውን አየችው። «ይሄ የሱ አልነበር እንዴ? ለምን ለእኔ አመጣኸው?»

«ለሱ ሌላ አጠምዳለሁ። ውሃው ጠርቷል» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

«አያ፣ ምነው እንዲህ ታየኛለህ?»

ጎንበስ አልኩ።

«እህል ቀምሰሻል?» አልኳት።