አለነ በረኛ የሆነ ቀን

ልጄ ሰብለ ወንጌል፣ አርባ አራቱ ታቦት በሰው አገር ይጠብቁሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች። እኔን ግን ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። የከተማው ቡድን በረኛ ክንዱ ቢሰበር፣ ከወታደሮቹ ጋር ለሚደረገው ግጥሚያ ወንድምሽን አለነን አስገቡት። እሱ ገና ለጋ፣ እነሱ እንደ ዋርካ! ነጠላዬን ነክሼ ቆምሁ። መጨረሻ ላይ አንዱ ግዙፍ ኳሷን ሊለጋት ሲል አለነ እግሩ ሥር ተወረወረ፤ ተረግጦ ዝም አለ። እየጮኽሁ ሜዳው ውስጥ ገባሁ። ዓይኑን ገለጠና «እምዬ፣ ገባች?» አለኝ። ኳሷ ደረቱ ሥር ነበረች። «አልገባችም» ስለው ሳቀ።

ጎኑ አብጦ ሳለ ለእሑድም እሰለፋለሁ ይላል። አንቺን ይሰማልና ተው በዪው ልልሽ ነበር፤ ሳቁን ሳስበው አቃተኝ። እዚያ አገር ለበረኛ የሚሆን ጓንት ካለ ላኪለት። እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ።

እናትሽ እንኳየሁ